ሐሙስ ያልዞረው መዘውር

ያላዩትን አየሁ፣ ያልለኩትን ለካሁ ብሎ በመዝገብ ማስፈር ከሌላው ውሸት ሁሉ የከፋ ነው። በአፍ የተነገረውን ሐሰት ሰሚው ሊጠራጠረው፣ ሊጠይቅበትም ይችላል፤ በቁጥር የተጻፈውን ግን ሰው አምኖ ይደገፍበታል፣ ሲደገፍበትም ይወድቃል። በ1958 ዓ.ም. በዳንግላ ከተማ የሆነው ነገር ይህንኑ ያስረዳል።

የስምንተኛ ክፍል ተማሪዋ ዘውድነሽ ክንዴ በባዶው የመማሪያ ክፍል ውስጥ፣ በመምህሩ ጠረጴዛ ፊት፣ ልኬት የሚጻፍበትን መዝገብ እንደ ገለጠች ቆማ ቀረች። ዕለቱ ዓርብ ነው፤ የጠዋቱ ደወል ገና አልተደወለም። በነጠላዋ ሸፍና ያመጣችውን የስልክ ማሽን ማንም ሳያያት በዕቃ ቤቱ መደርደሪያ ላይ መልሳ መምጣቷ ነበር። በመዝገቡ የመጨረሻ ገጽ ላይ የክፍል ጓደኛዋን የሀብቱን የተስተካከለ የእጅ ጽሕፈት አየች።

«ሐሙስ፣ ጥር 5 ቀን። ቢሻው 30። ደጉ 32። ዓለምነው 30። ዋጋዬ 34።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሐሙስ ዕለት ማሽኑ በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ አልነበረም፤ በማንም እግር ላይ ሊታሰር አይችልም። ከሐሙስ ጠዋት እስከ ዓርብ ጠዋት የት ውሎ የት እንዳደረ የምታውቅ ተማሪ ደግሞ እርሷ ብቻ ነበረች።

ማሽኑ ከአገልግሎት የወጣ፣ በእጅ የሚዞር የስልክ ሣጥን ነው። መምህር አስማረ ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደ ዳንግላ ሲመጡ ይዘውት መጡ። የሣጥኑ መዘውር ሲዞር ኤሌክትሪክ ይሠራል፤ ኤሌክትሪኩም በሁለት ሽቦ ወጥቶ፣ በጨው ውሃ በራሰ ጨርቅ ወደ ተጠቀለሉ ሁለት የመዳብ ሳንቲሞች ይደርሳል። ሳንቲሞቹ በአንድ እግር ባት ላይ ሲታሰሩ ጡንቻው በየንዝረቱ ይኮማተራል። መዘውሩ በፈጠነ መጠን ንዝረቱ ይደጋገማል፤ መዘውሩ ከቆመ በኋላ እንኳ ባቱ እንደ ድንጋይ ተቋጥሮ የሚቀርበት ፍጥነት አለ። ያን ፍጥነት፣ ይኸውም በአሥር ሰከንድ ውስጥ ስንት ዙር እንደ ሆነ፣ መምህሩ «የመያዣ ቁጥር» ብለው ሰየሙት። ባቱን ቶሎ ቶሎ የሚይዘው ሰው ቁጥሩ ዝቅ ያለ ነው፤ የማይይዘው ሰው ቁጥሩ ከፍ ይላል። መምህሩ ኃይሉን የሚቀንስ ሽቦ ጠምጥመውበት፣ አንድ ሳምንት ሙሉ በገዛ እግራቸው ላይ ከሞከሩት በኋላ ነበር ሌላ ሰው እንዲለካበት የፈቀዱት።

ይህ የልኬት ጥናት የተጀመረው በፈረሰኞቹ ምክንያት ነው። የአካባቢው ፈረሰኛ በባዶ እግሩ ይጋልባል፤ አውራ ጣቱን ብቻ በትንሿ የእርካብ ቀለበት አስገብቶ ክብደቱን በእርሷ ላይ ያሳርፋል። በግልቢያ መካከል ባቱን የያዘው እንደ ሆነ መውደቁ ነው። የዘውድነሽ አባት አቶ ክንዴ ባለፈው ዓመት በጥር ጊዮርጊስ በቆሰበር ሜዳ ሲጋልቡ ባታቸውን ይዟቸው ወድቀው፣ ሁለት የጎን አጥንታቸው ተሰብሮ እስከ ሰኔ ተኝተው ነበር።

መምህር አስማረ በሞቃት ስፍራ የሚሠሩ ሰዎች ጨው ሲጎድላቸው ጡንቻቸውን እንደሚይዛቸው አንብበዋል። ስለዚህ ዐሥራ ሁለት ፈረሰኞች ለሦስት ሳምንት በየጠዋቱ ጨው በውሃ በጥብጠው እንዲጠጡ፣ ከመጠጣታቸው በፊትና በኋላም የመያዣ ቁጥራቸው እንዲለካ አደረጉ። ፈረሰኞቹ ሳቁ።

«ጨው የምንሰጠው ለፈረሶቻችን ነበር» አሉ አቶ ቢሻው የተባሉት ጎልማሳ፤ «አሁን ከእነርሱ ጋር አንድ ገበታ ቀረብን።»

ሆኖም ሁሉም ጠጡ።

መምህሩ አገውኛ ስለማያውቁ ከፈረሰኞቹ ጋር የሚያነጋግሯቸው፣ መዘውሩን የሚያዞሩትና ቁጥሩን የሚጽፉት ሁለት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ፤ ሀብቱና ዘውድነሽ። እየተፈራረቁ ስለ ተለማመዱ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን መለካት ይችላሉ፤ የዕቃ ቤቱም ቁልፍ ለሁለቱም ተሰጥቷቸዋል። ሀብቱ ግን ይበልጥ ነበር፤ ክንዱ ጠንካራ፣ አዟዟሩም እንደ ሰዓት የማይዛነፍ ነው። ከሁለቱ በሥራው የበለጠው ጥናቱን ይዞ ከመምህሩ ጋር ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወደ ትምህርት ቤቶች ትርዒት ይሄዳል ተብሏል።

ስምንቱን ፈረሰኞች መምህሩ ባሉበት ለኩ። የአራቱ ቁጥር ከፍ አለ፤ የአራቱ ከነበረበት አልተነቃነቀም። የቀሩት አራት ሰዎች ከከተማው የአንድ ሰዓት መንገድ ርቀው ይኖራሉ። ሐሙስ አቦ ነውና ገበሬው ከእርሻ ሲያርፍ ሀብቱ ማሽኑን ይዞ ሄዶ እንዲለካቸው ታዘዘ። ነገሩን የሚቆርጡት እነዚያ አራቱ ነበሩ።

ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ዘውድነሽ ማሽኑን ስትወለውል ከእጇ አምልጦ ወደቀ፤ የመዘውሩም እጀታ ከሥሩ ተቀነጠሰ። ለመምህሩ መናገር ሲገባት ፈራች። ሐሙስ በማለዳ ፋኖስና ማንቆርቆሪያ ወደሚበይዱት ወደ ጋሼ ዑስማን ሱቅ ወሰደችው።

«ለዛሬ አይደርስልሽም፤ ነገ ጠዋት ነይ፣ ልጄ» አሏት።

ሀብቱ ዕቃ ቤቱን ከፍቶ ማሽኑ ጠፋ እያለ እስኪጮኽ ድረስ ቀኑን ሙሉ ስትጠብቅ ዋለች። አልጮኸም። እግዚአብሔር ሸፈነኝ ብላ ነበር። አሁን ለምን እንዳልጮኸ ገባት፤ ዕቃ ቤቱን ከነጭራሹ አልከፈተውም።

ደወሉ ተደወለ። መምህር አስማረ ገብተው መዝገቡን አነበቡ፤ ፊታቸውም በራ። «ከዐሥራ ሁለቱ የስምንቱ ከፍ ብሏል» አሉ ለክፍሉ። «ጥቂት ነገር አይደለም። ዘውድነሽ፣ ለአባትሽ ንገሪያቸው።» ከሥሩም ስማቸውን ፈረሙ።

በእረፍት ሰዓት ሀብቱን ከባሕር ዛፎቹ ሥር አገኘችው።

«ትናንት ማሽኑን ከየት አገኘኸው?»

«ከዕቃ ቤት ነዋ። ከየት ላገኘው ኖሯል?»

«ጋሼ ዑስማን ሱቅ ነበር የዋለው። እጀታውን ሰብሬ ሊበየድ ወስጄው ነበር።»

ሀብቱ ኳስ ወደሚጫወቱት ልጆች ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ሳቀ። «አየሽ አንች፤ የሰበርሽው አንች፣ የደበቅሽው አንች። እኔ ላይ ዳኛ አድርጎ ማን ሾመሽ?»

«የት ዋልክ?»

«ኳስ ነበረን፣ ከላይ ሰፈር ልጆች ጋር። ሁለት አገባሁ፣ አልነገሩሽም?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኧረ ተይኝ፣ ዘውዴ። ጨው መሥራቱ እንደሆነ አይቀርም። እኔ የጻፍኩት ነገ ቢለኩ የሚያገኙትን ነው። አንድ ቀን ቀደምኩ እንጂ ምን አጠፋሁ?»

«አባቴ በጥር ጊዮርጊስ ሊጋልቡ ነው።»

«ይጋልቡ። ጨዋቸውን ጠጥተው የለ?»

ቀረብ አላት። «ስሚ፤ አንች ስለ ሐሙስ ዝም በይ፣ እኔም ስለ እጀታው ዝም እላለሁ። ከተናገርሽ መጀመሪያ የምትጠየቂው አንች ነሽ። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ይቀሙሻል፤ ደብረ ማርቆስንም በወሬ ብቻ ትሰሚያታለሽ።»

«አንተስ?»

«እኔማ ክንድ አለኝ» አለና ክንዱን አጥፎ አሳያት፤ እየሮጠም ወደ ኳሱ ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት አቶ ክንዴ በደጃፋቸው ተቀምጠው የኮርቻቸውን ጠፍር ቅቤ ይቀቡ ነበር። ዳማው ፈረሳቸው ከበስተጀርባ ታስሮ ጭራውን ያወዛውዛል። በዋንጫ የቀረበላቸውን የጨው ውሃ በአንድ ትንፋሽ ጨልጠው ፊታቸውን አኮማተሩ።

«ፈረሱ እንደ ስኳር የሚልሰው፣ ምነው እኔን እንዲህ መረረኝ» አሉ።

«አባባ፣ የእርስዎ ቁጥር ከሃያ ሁለት ወደ ሃያ አራት ነው የሄደው። በሁለት ሁለት ስንጨምር አንድ ደረጃ ብቻ።»

«ከፍ አለ አይደለም?»

«አለ። ግን በሌላ ቀን ቢለካ ወርዶ ሊገኝ ይችላል።»

«ለኔ ብቻ ቢሆን እውነትሽን ነው፣ አላምነውም ነበር። ስምንት ሰው ከዐሥራ ሁለት ሲሻለው ግን እኔ የምፈራበት ምክንያት ምንድን ነው? አምና ስወድቅ ሰው ሁሉ ፈረሱ ጣለው አለ። ፈረሴ አልጣለኝም፤ ባቴ ነው የከዳኝ። ዘንድሮ በፈረሴ ላይ የተወራውን ወሬ አስመልሳለሁ።»

ኮርቻውን ለማንሳት ጎንበስ ሲሉ ግራ እጃቸው ሳያስቡት ወደ ጎናቸው ሄደ፤ የተሰበረውን ስፍራ ደግፈው ነበር ቀና ያሉት። ዘውድነሽ ይህን አየች። ዋንጫውን አጥባ በቦታው አኖረች፤ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች።

መምህር አስማረ በተከራዩት ክፍል ውስጥ የተማሪዎችን ደብተር ሲያርሙ አገኘቻቸው። ቁጭ በይ ቢሏትም አልተቀመጠችም።

«መምህር፣ ረቡዕ የመዘውሩን እጀታ ሰብሬያለሁ። ለእርስዎ ሳልናገር ጋሼ ዑስማን ዘንድ ወስጄ አስበየድኩት።»

«በደንብ ተበይዷል?»

«ተበይዷል።»

«እንግዲያው ጥፋትሽ መሰበሩ አይደለም፤ መደበቅሽ ነው። ሰኞ እንነጋገርበታለን» አሉና ወደ ደብተሩ ተመለሱ። ዘውድነሽ ግን አልወጣችም። ያመነችው ጥፋት ይቅርታ ባያጣም፣ ያልተነገረው ገና በአፏ ነበር። እዚህ ላይ ብትወጣ የሚከሳት አልነበረም።

«ከሱቁ የመለስኩት ዓርብ ጠዋት ነው፣ መምህር።»

መምህሩ እርሳሳቸውን አስቀመጡ። ዓርብ ከተባለው ቀን ወደ ኋላ እየቆጠሩ መሆናቸው ከፊታቸው ታወቀ። 

«ሐሙስ ማሽኑ ጋሼ ዑስማን ዘንድ ነበር?»

«አዎን።»

«ሀብቱ ይህን ያውቃል?»

«ትናንት ነግሬዋለሁ።»

ተነሥተው ካፖርታቸውን ለብሰው ከእርሷ ጋር ወደ ሱቁ ሄዱ። ጋሼ ዑስማን የቀረበላቸውን ጥያቄ ሰምተው፣ ማሽኑ ሐሙስ በማለዳ መጥቶ ዓርብ በማለዳ እንደ ተወሰደ፣ ሌሊቱንም ከሥራ ጠረጴዛቸው እንዳልተነሣ መሰከሩ። ሀብቱ ተጠርቶ መጀመሪያ ካደ፤ በሌላ ሳምንት ለክቼ ቀኑን ተሳስቼ ነው አለ፤ ጋሼ ዑስማን ፊት ሲቆም ግን አንገቱን ደፋ።

መምህሩ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ለዘውድነሽ እንዲህ አሏት፦ «የጻፈው እርሱ ነው። ሳላጣራ የፈረምኩት ግን እኔ ነኝ። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ፈረሰኞቹን ሁሉ ሰብስበን እንነግራቸዋለን። እኔ እናገራለሁ፣ አንቺ ቃል በቃል ታስተረጉሚያለሽ። የአንቺም ጥፋት ይነገራል። ትችያለሽ?»

«እችላለሁ» አለች።

ጥር 14 ቀን ቅዳሜ ዐሥራ ሁለቱ ፈረሰኞች ከከተማው ውጭ ካለው ትልቅ ዋርካ ሥር ተሰበሰቡ። መምህር አስማረ ከራሳቸው ጀምረው በአማርኛ ተናገሩ፤ ዘውድነሽ ቆማ በአገውኛ መለሰችው። «ማሽኑን የሰበረችውና የደበቀችው ይህች ተማሪ ናት» ሲሉም ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም፤ ከቃሉም አንድ አላጎደለችም። ወደ አባቷ ግን አልተመለከተችም።

አቶ ቢሻው ተነሡ። «ታዲያ ሠላሳ ሆነሃል ሲሉኝ፣ መቼ ተለካሁ ብዬ ሳልጠይቅ በመንደሩ ስኩራራ የሰነበትኩት በማን ቁጥር ነው? በሌላ ሰው እግር ልጋልብ ነበር?»

ጥቂቶች ሳቁ፤ አብዛኞቹ ግን አልሳቁም። አንዱ ሽማግሌ ፈረሳቸውን ፈትተው ሊሄዱ ተነሡ። ያን ጊዜ አቶ ክንዴ ከተቀመጡበት ሳይነቃነቁ ተናገሩ።

«ዝም ብትል ኖሮ ከዛሬ በዘጠነኛው ቀን፣ በጥር ጊዮርጊስ፣ እኔ ሜዳው ላይ ነበርኩ። ያች የኔ ልጅ ናት፤ የጥፋቷን ቅጣት ትቀበላለች። ቁጥሩን ግን ሳንጨርስ አንሄድም። ቢሻው፣ እግርህን ስጣት።»

አቶ ቢሻው እየተነጫነጩ በመሬቱ ላይ ተቀመጡ፤ ውስጥ እግራቸውንም ከመሬት ከወጣው የዋርካው ሥር ጋር ገፍተው ተደገፉ። ዘውድነሽ ሳንቲሞቹን አሰረችና መዘውሩን ያዘች። ከዐሥር ዙር ጀምራ በየሙከራው ሁለት ሁለት እየጨመረች አዞረች። ሃያ ሁለት። ሃያ ስምንት። ሠላሳ አራት። ባቱ ይንዘፈዘፋል እንጂ አይቋጠርም። አርባ ስትደርስ ክንዷ ዛለ፤ ባቱ አሁንም ልል ነበር።

«ይሄ ደግሞ ከሐሰቱ የባሰ እውነት ነው» አሉ መምህሩ፣ ግንባራቸውን ቋጥረው። «ከሦስት ሳምንት በፊት ሃያ አራት ነበሩ።»

ዘውድነሽ ግን እግሩን እያየች ነበር። ባት ሲይዝ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ታውቃለች፤ የእግርን ጣት ወደ ላይ ገፍቶ ያላቅቀዋል። ከዚህ በፊት ሲለኩ እግራቸው ከወንበር ተንጠልጥሎ ነበር፤ አሁን ግን የአቶ ቢሻው እግር ከዋርካው ሥር ጋር ተገፍቶ ጣቱ ወደ ላይ ቀና ብሏል።

«እግርዎን በእርካብ ላይ እንዳለ አድርገው ያንጠልጥሉልኝ» አለቻቸው።

አቶ ቢሻው እግራቸውን አንሥተው አውራ ጣታቸውን ወደ ታች ዘረጉ። አብሯቸው የመጣ አንድ ተማሪ እንደገና ሰዓቱን ያዘላት። በሃያ አራት ዙር ባቱ ተቋጥሮ ቀረ፤ አቶ ቢሻውም ጥርሳቸውን ነከሱ። ጣቱን ወደ ላይ ስትገፋው ተፈታ። አባቷ እግራቸውን ሳይጠየቁ ዘረጉላት፤ በእርሳቸውም ያው ሆነ። ከዚያ ሁሉም አንገታቸውን አዙረው በየፈረሱ ጎን ወደ ተንጠለጠለው እርካብ ተመለከቱ። እርካቡ የተንጠለጠለበት ጠፍር ረጅም ነው፤ ፈረሰኛው ቀለበቷን ለመድረስ ጣቱን ወደ ታች መዘርጋት ግድ ይሆንበታል። ረጅም ጠፍር የጥሩ ፈረሰኛ ምልክት ነው እየተባለ ነበር አባት ለልጅ ያወረሰው።

«ይህን እንደ ተረጋገጠ ነገር ከአፌ አላወጣውም» አሉ መምህሩ። «ዐሥራ ሁለቱም በሁለቱም የእግር አቀማመጥ፣ በሁለት የተለያዩ ቀኖች ይለካሉ። ያኔ እናያለን።»

እስከ ማምሻው ለኩ። ሐሙስ ተለኩ ተብለው ከተጻፉት አራት ሰዎች የሁለቱ ቁጥር እንደ ቀድሞው ነበር፤ የሁለቱ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ከእነዚህ ከአራቱ ጨው ለአንዳቸውም አልበጀም።

አቶ ክንዴ ከልጃቸው ጋር ወደ ቤት ሲመለሱ ፈረሳቸውን አልተቀመጡበትም፤ ልጓሙን ይዘው ይራመዱ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርሱ ቆመው የእርካቡን ጠፍር በእጃቸው ለኩ።

«ዘንድሮ አልጋልብም» አሉ በመጨረሻ። «ቆሰበር እሄዳለሁ፤ በሜዳውም ላይ በእርምጃ አልፋለሁ። ጠፍሩን አሳጥሬ እሞክረዋለሁ። ሰው ይሳቅ።» ጥቂት ቆይተውም፣ «ክንድሽ ዝሏል?» አሏት።

«ዝሏል።»

«ለሁለተኛው ቀን አሳርፊው።»

ሰኞ ጠዋት ዘውድነሽ በመምህሩ ፊት መዝገቡን ገለጠች። በአራቱ ቁጥሮች ላይ መሥመር ሰረዘች፤ እንዲነበቡ ግን ተወቻቸው። ከጎናቸው «በዚህ ቀን አልተለኩም፤ ማሽኑ ስለ ተሰበረ በሱቅ ነበር፤ የሰበርኩትና የደበቅኩት እኔ ነኝ» ብላ ስሟን ጻፈች። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከአንገቷ አውልቃ በጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ እስከ ፋሲካም አልተመለሰላትም። መዘውሩን ግን በመምህሩ ፊት በየቅዳሜው ማዞሯን ቀጠለች።

ሀብቱ በሰልፍ ላይ በተማሪዎች ሁሉ ፊት ቆሞ ያልለካውን ለካሁ ብሎ መጻፉን እንዲናገር ተደረገ። ስሙ ከጥናቱ ተሰረዘ። የስምንተኛ ክፍል የሳይንስ ውጤቱም ለዚያ መንፈቅ ዜሮ ሆነ። በአራት ተከታታይ ቅዳሜዎች በእግሩ እየሄደ፣ ለአቶ ቢሻው፣ ለአቶ ደጉ፣ ለአቶ ዓለምነውና ለአቶ ዋጋዬ፣ ለእያንዳንዳቸው በደጃቸው ቆሞ በአገውኛ ጥፋቱን ተናገረ፤ አቶ ዋጋዬ በሩን አልከፈቱለትም ነበርና ወደ እርሳቸው ሁለት ጊዜ ተመላለሰ። በሚያዝያ መምህር አስማረ ጥናቱን ይዘው ወደ ደብረ ማርቆስ ሲነሡ፣ ማሽኑን ይዛ የተከተለቻቸው ዘውድነሽ ነበረች፤ ሀብቱ አልሄደም።